አሥረኛ ክፍል በቁምጣ

ልጄ አሥረኛ ክፍል በገባበት ዓመት ቁመቱ በአንድ ክረምት ተመዘዘ። ሰኔ ላይ ትከሻዬ ጋ የነበረ ልጅ መስከረም ሲጠባ የበራችንን ጉበን በግንባሩ ይገጭ ጀመር። ሌላ ዘመን ቢሆን እናት በዚህ ትደሰታለች። እኔ ግን ቀና ብዬ ባየሁት ቁጥር ጎንበስ በል እለው ነበር። ያን ጊዜ ረጅም ልጅ ወታደር ዓይን ውስጥ ቶሎ ይገባል።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። የሰሜኑ ጦርነት ሰው አልጠግብ ብሎ ነበር። ቀበሌው የተጠየቀውን ያህል ወጣት በጥሪ ካላገኘ ከመንገድ ላይ ያፍሳል። ኦራል የሚባለው ትልቁ የወታደር መኪና ይመጣል፣ ወታደሮችና አብዮት ጠባቂዎች ዘለው ይወርዳሉ፣ ከፌርማታውም ከኳስ ሜዳውም ያገኙትን ወንድ ልጅ እየጎተቱ ይጭናሉ። እኔ ሾላ ገበያ ቃሪያና ሽንኩርት ነበር የምቸረችረው። አንድ ቀን ከመደቤ ፊት ለፊት አንዱን ተሸካሚ ከነጆንያው ወደ መኪናው ሲወረውሩት አይቻለሁ። ጆንያው ከላዩ ላይ አልወርድ ሲላቸው በሰደፍ አፉን መቱት። ጥርሱ ቃሪያዬ መሃል ወደቀ። ተማሪ አይነካም ይባላል፤ ግን መታወቂያውን ዓይኑ እያየ ቀደው የጫኑትንም ልጅ አይቻለሁ።

ስለዚህ ልጄን ቁምጣ አለበስኩት።

ወታደር የማንንም ልደት አይጠይቅም፣ በዓይኑ ነው የሚመዝነው ብዬ አሰብኩ። አንደኛ ደረጃ የሚማሩ ልጆች ቁምጣ ይለብሳሉ፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ካኪ ሱሪ ነው። አዲሱን ሱሪውን ከጉልበቱ በላይ ቆረጥኩና ጠርዙን ዘመዘምኩት። ከከንፈሩ በላይ ያቆጠቆጠችውን ጺም ቅዳሜ ቅዳሜ በምላጭ አነሳለታለሁ። ድምፁ ስለጎረነነ መንገድ ላይ እንዳያወራ አስጠነቀቅኩት።

“እማዬ፣ እግሬን እስቲ እዪው” አለኝ የመጀመሪያው ቀን። “ጠጉር አብቅሏል። የቱ ሕፃን ነው እንዲህ ያለ እግር ያለው?”

“እሱንም እላጨዋለሁ።”

“በቃ ቀሚስ አልብሺኛ።”

“የሚያስጥልህ ቢሆን አለብስህ ነበር” አልኩት። የምሬን ነበር።

ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤት ነበረችኝ። ከትግራይ የመጣች፣ ሾላ ከጎኔ በርበሬ የምትሸጥ ሴት ናት። አንድ ወንድ ልጅ ነው ያላት፤ ከኔው ልጅ ጋር አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። እሷ የቁምጣውን ነገር አልወደደችውም።

“አንቺ ሴት፣ ጎረምሳውን አበሻቀጥሽው” ትለኛለች። “እኔ ልጄን በሥርዓት ነው የምልከው። ዩኒፎርሙ ተተኩሶ፣ ቁልፉ እስከ አንገቱ ተቆልፎ፣ መታወቂያው ደረት ኪሱ ውስጥ። ተማሪ መሆኑን ከሩቅ ያየ ሁሉ ያውቃል። በተለይ አነጋገራቸው ተሰምቶ ዞር ተብሎ ለሚታዩ እንደ እኛ ላሉ ሰዎች ንጽሕና ነው የሚያዋጣው።”

እሷ በመታወቂያው አመነች፣ እኔ በቁምጣው።

ትምህርት ቤቱ በጣም ትልቅ ነበር። በዚያ ወገን ሁለተኛ ደረጃ ጥቂት ስለነበረ ሁሉም እዚያው ይጎርፋል፤ የአውሮፕላን ማረፊያው ሠራተኞች ልጆች ከቦሌ፣ የነጋዴ ልጆች ከሾላ፣ የገበሬ ልጆች ደግሞ ከገርጂና ከኮተቤ ማዶ ጭቃ ረግጠው ይመጣሉ። ኦሮምኛው፣ ትግርኛው፣ ጉራግኛው አጥር ሥር ሲቀላቀል መስማት ደስ ይላል። ክፍል ስለማይበቃ በፈረቃ ነበር የሚማሩት። የጠዋቱ ፈረቃ ሲወጣ የከሰዓቱ ይገባል፤ እኩለ ቀን ላይ ያ ሁሉ ልጅ በአንድ በር ይጋፋል።

ደም የሚፈሰውም እዚያ በር ላይ ነው። የሾላ ልጆችና የቦሌ ልጆች ቀጠሮ ይዘው ይደባደባሉ። ቀበቷቸውን ፈትተው፣ ብረቱን ወደ ውጭ አድርገው እጃቸው ላይ ይጠመጥሙታል። አንዱ አንዱን በቴስታ ሲመታው የአፍንጫው አጥንት ሲሰበር ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በድንጋይ ተመትቶ ዓይኑ የፈሰሰው በዚያው በር ላይ ነው። እኔ ደግሞ ፈሪ ስለሆንኩ የከሰዓት ፈረቃ የሆነውን ልጄን እስከ በሩ እከተለዋለሁ፤ እንዳያፍር ራቅ ብዬ፣ ገበያ የምሄድ መስዬ።

ቁምጣው ሳምንት ሳይሞላው ጠብ አመጣ። “ማሙሽ፣ ጡጦህን ረሳህ!” እያሉ ይከተሉታል። አንዱ ከኋላ መጥቶ ቁምጣውን ወደ ታች ሲጎትትበት ልጄ ዞሮ ፊቱን በቦክስ መታው። ያኛው ሲወድቅ ልጄ ላዩ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ከአስፋልቱ ጋር ማጋጨት ቀጠለ። ሮጬ ስደርስ ጣቶቹ ከልጁ ጠጉር ውስጥ አልወጣ ብለው ነበር፤ ለማላቀቅ ክንዱን መንከስ ነበረብኝ። ቤቴ ለዶሮ ቢላዋ ማንሳት የሚፈራ ልጅ ነው።

በማግሥቱ ወላጅ አምጣ ተባለ። የተጠራሁት ዩኒት ሊደሩ ዘንድ ነው፤ የፈረቃውን ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠር መምህር ነው። አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ከውኃ ጎማ የተቆረጠ መግረፊያ ከእጁ የማይለይ ሰው። ስደርስ ልጄን ጠጠር ላይ አንበርክኮት ነበር፤ ባቱ ላይ የጎማው ሰንበር ጣት ያህል አብጧል። ቢሮው ግድግዳ ላይ እነዚያ ባለ ጺም ፈረንጆች ተሰቅለው ቁልቁል ያዩኛል።

“ስንተኛ ክፍል ነው ልጅዎ?” አለኝ።

“አሥረኛ፣ ጋሼ።”

“ታዲያ የሕፃን ልብስ ምነው? ድህነት ነው እንዳልል ቁምጣው ከአዲስ ሱሪ የተቆረጠ ነው። እጅዎ ነው የሰፋው?”

“እጄ ነው።”

“ለምን?”

እውነቱን ብናገር ከአገር ጥሪ ልጅ መደበቅ ይባላል፤ ለዚያ ደግሞ ቀበሌ የሚያሳስረው ሰው አያጣም። “ሙቀት አይስማማውም” አልኩት።

የውጭውን ብርድ በመስኮት አየና ወደኔ ተመለሰ። መናገር ሲጀምር ድምፁ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር።

“እኔ ደንብ ነው የማስከብረው፣ እናቴ። ነገም በዚህ ከመጣ እገርፈዋለሁ። ከነገ ወዲያም።”

“ይግረፉት።”

“ምን አሉ?”

“ይግረፉት ጋሼ። የግርፋት ቁስል ይድናል።”

ልጄ ከጠጠሩ ላይ ሆኖ ቀና ብሎ ያየኝ አስተያየት ደስ የሚል አልነበረም። ዩኒት ሊደሩ በእጁ ሂዱ አለን። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ሲገባ ልጄ በሩ ላይ ሁለት ሦስት ጎማ እየቀመሰ ነበር የሚያልፈው። ቁምጣውን ግን አላስወለቅኩትም።

ኦራሎቹ የመጡት ኅዳር ላይ፣ ልክ ፈረቃ በሚቀያየርበት ሰዓት ነው። ጎረቤቴና እኔ ልጆቻችንን ከኋላ እየተከተልን ነበር። እነሱ ከፊታችን ይሄዳሉ፤ የሷ ልጅ በተተኮሰ ሱሪ፣ የኔው በቁምጣ፣ እየተገፋፉ ይሳሳቃሉ። በሩ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ከመገናኛ በኩል አንድ፣ ከሾላ በኩል ሌላ ኦራል መጥቶ መንገዱን ዘጋው።

ዘበኛው የትምህርት ቤቱን በር ከውስጥ ቀረቀረ። የጠዋቱ ፈረቃ ግማሹ ወጥቷል፣ የከሰዓቱ ገና አልገባም፤ ያ ሁሉ ልጅ አጥርና ወታደር መሃል ቀረ። ልጃገረዶቹ እሪ አሉ። ወንዶቹ አጥሩን መንጠላጠል ጀመሩ፤ አጥሩ አናት ላይ ጠርሙስ ተሰባብሮ ተተክሏል፣ ግንቡ ላይ ደም ወረደ። የተንጠለጠሉትን በእግራቸው እየጎተቱ ያወርዷቸዋል። አንዱ ልጅ ጠርሙሱን አልለቅ ብሎ ሲጎትቱት መዳፉ ለሁለት ተከፈለ። ከግቢው ውስጥ ያሉት ድንጋይ ይወረውራሉ፤ ድንጋዩ ወታደሩንም ልጆቹንም ያገኛል። ወታደሮቹ ወደ ላይ ተኮሱ። ሁላችንም መሬት ላይ ተኛን።

ቀና ስል ልጄን ሁለት ወታደሮች ይዘውታል።

“ይሄ ማሙሽ ደግሞ ከየት መጣ?” አለ አንዱ እየሳቀ። “እናቱ ጡት አላስጣለችውም።”

“እግሩን እየው ባክህ” አለ ሌላው። “ይህን ጠጉር ይዞ ምሽት ማግባት ይችላል። ጫነው።”

ሮጬ ወገቡን አቀፍኩት። “ሕፃን ነው፣ ገና ሕፃን ነው” እላለሁ። ሰደፉ ጎኔን ሲመታው ትንፋሼ ቆመ። ተቀምጬ አፌን እከፍታለሁ፣ ድምፅ አይወጣም። ልጄን እንደ ጆንያ አንስተው ኦራሉ ላይ ጣሉት። የጎረቤቴ ልጅ ቀድሞ ተጭኗል፤ ጫፍ ላይ ቆሞ መታወቂያውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይዟል፣ ማንም አያይለትም። እናቱ የመኪናውን ብረት ይዛ በትግርኛ ትጮኻለች። አንዱ አብዮት ጠባቂ አነጋገሯን ሲሰማ ጣቶቿን በጫማው ረገጣቸው።

ትንሿ በር ተከፈተችና ዩኒት ሊደሩ ጎማውን ይዞ ወጣ። ድንጋይ እየወረደበት ቀጥ ብሎ ወደ ኦራሉ ሄደ፣ በመኪናው እግር ላይ ተረማምዶ ወጣና ልጄን በኮሌታው ጎትቶ መሬት ላይ ጣለው። ከዚያ ይገርፈው ጀመር። ጀርባውን፣ ጭኑን፣ ልጄ ፊቱን ሲሸፍን እጁን። “ባለጌ! ቁምጣ! ቁምጣ ነው የምትለብስብኝ? ስንቴ ነገርኩህ!” ይላል። ሸሚዙ ተቀደደ፣ ሥጋው ተላጠ። እኔ እየዳህኩ ሄጄ እግሩን ያዝኩት፤ በጫማው ገፋኝ።

አሥር አለቃው መጣ። “ምንድነው ጓድ መምህር?”

“ተማሪዬ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ደንቤን አፍርሶብኛል፤ የትምህርት ቤቱ ሁሉ መሳቂያ አድርጎኛል። ቅጣቱን ሳልጨርስ የትም አይሄድም። ከዚያ በኋላ ከፈለግህ ና ውሰደው።”

ወታደሮቹ ይስቃሉ። አሥር አለቃውም የተገላበጠውን ልጄንና ቁምጣውን አይቶ ሳቀ። “ከኛ አንተ ትብሳለህ። ውሰደው፣ ቅጣው” አለ።

ዩኒት ሊደሩ ልጄን በጆሮው ይዞ እየጎተተ በትንሿ በር አስገባው። እኔም ተከትዬ ገባሁ። ወዲያው ተመልሶ ወጣ። በተከፈተው በር አየዋለሁ፣ እሰማዋለሁም።

“ሌላም አለኝ” አለ፤ በጎማው የጎረቤቴን ልጅ እያሳየ።

“እሱ ደግሞ ምን አጠፋ?”

ዩኒት ሊደሩ ልጁን ቀና ብሎ አየው። ልጁ እስከ አንገቱ እንደቆለፈ፣ ሱሪው እንደተተኮሰ፣ መታወቂያውን እንደያዘ ቆሟል። እናቱ የተረገጡ ጣቶቿን ብብቷ ሥር ሸጉጣ የመምህሩን አፍ ታያለች።

“ይረብሻል” አለ ዩኒት ሊደሩ።

“ይሄ? ይሄ ምን የመሰለ ጨዋ ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ወታደር ነው የምንፈልገው” አለና አሥር አለቃው በመሣሪያው አፍ ደረቱን ወደ ኋላ ገፋው። “አንዱ ይበቃሃል መምህር።” ኦራሉ ተነሳ። ጎረቤቴ ከኋላው ስትሮጥ አየኋት፤ ነጠላዋ መንገዱ ላይ ቀረ።

ዘበኛው ቤት ውስጥ ልጄ በሆዱ ተኝቶ ይንቀጠቀጣል። ዩኒት ሊደሩ ገባና ዘበኛውን ውኃ ስጠው አለው። በጉልበቴ ተንበርክኬ እግሩን ልስም ስል ወደ ኋላ ሸሸ።

“እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ።”

“ለምኑ? ደንብ ነው ያስከበርኩት” አለ፣ በሩ ላይ ያሉት እንዲሰሙት ጮክ ብሎ። “ነገም በቁምጣ ቢመጣ ያው ነው።” ከዚያ ወጥቶ የቀሩትን ልጆች በጎማው እየነዳ ወደየክፍላቸው አስገባ።

ጎረቤቴ ቤቴ የመጣችው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። አንድ እግሯ ባዶ ነበር። ኦራሉን እስከ ኮተቤ መንገድ ተከትላ አጥታዋለች። የኔው ልጅ አልጋዬ ላይ በሆዱ ተኝቷል፣ የሷ የለም። ተቀመጪ እንኳ ማለት አፈርኩ። እሷ ግን ጀርባውን አየችና ቤቷ ሄዳ ለጋ ቅቤ ይዛ ተመለሰች። ያበጡ ጣቶቿ እያስቸገሯት ቅቤውን ሰንበሩ ላይ ትቀባው ጀመር። ልጄ ትራሱን ነከሰ።

“ወዴት ነው የሚወስዷቸው?” አለችኝ።

“ማሠልጠኛ ነው የሚሉት።”

“ከዚያስ?”

ቅቤውን ወደ እሷ አስጠጋሁላት። ከዚያ ወደ ሰሜን ነው፤ ወንድሞቿና እናቷ ወዳሉበት አገር። እሷም ታውቀዋለች።

“ሲያለቅስ ቁልፍህን ቆልፍ እለው ነበር” አለች። “ከሰው ጋር ሲጣላ ከደጅ አቁሜ እገርፈዋለሁ። መምህር ሲያልፍ ተነስ፣ አትመልስ፣ አንገትህን ድፋ። መምህሩ እኮ አንድ ጥፋት ነው የፈለገበት። አንድ። ቆሞ ሲያየው አየሁት፣ የሚለው አጣ።”

“እህቴ…” አልኳት።

“ባለጌ አድርጌ ባሳድገው ምን ነበረበት?”

ሰንበሩ ሁሉ ተቀብቶ አልቋል። እሷ ግን እጇን አላነሳችም፤ ምንም ያልነካውን የልጄን ትከሻ ቀባችው፣ አንገቱን ቀባችው። ልጄ ቀስ ብሎ እጁን ወደ ኋላ ላከና የእጇን አንጓ ያዘ። አላስቆማትም፤ ይዟት ብቻ ተኛ።