የሞረድኩት ድምፅ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኩም። ለፓስተራችንም አልነገርኩም። በጸሎት ሰዓት ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ የልቡን ሲያወጣ እንኳ እኔ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እየዘረዘርኩ ይቺን አልፋት ነበር። እግዚአብሔር ያውቃታል፤ ቢያውቃትም ለሰው አይነግርብኝም ብዬ ኖርኩ። ዛሬ ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ ሰዎች እናገራለሁ። ብታውቁኝ ኖሮ አፌን አልከፍትም ነበር። ይህን ያህል ፈሪ ነኝ።

ነገሩ ባጭሩ ይኸው ነው፦ የጓደኛዬን ብረት ሞረድኩ። ከዚያ ደግሞ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ብረቱ ደህና ነው፣ የታመመው ጆሮህ ነው ብዬ አሳመንኩት። ብረት መሞረድ ደግሞ ምን ኃጢአት አለው ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ታገሡኝ።

ጓደኛዬ ዘለቀ ይባላል። የፍስሐ ገነት ከተማ ልጅ ነው፤ ዲላ ፊዚክስ ያስተምራል፣ ያኔም ያስተምር ነበር። ረጅም ነው፣ ሲሄድ ጎንበስ ይላል፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። እኔ የሱቅ ልጅ ነኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ዲላ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ ሱቁን አሁን እኔ ይዤዋለሁ። ቸርች ጎትቶ ያስገባኝ ዘለቀ ነው። የገባሁትም፣ እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ ለኪቦርዱ ብዬ ነው፤ ጌታን ያመንኩት ዘግይቼ ነው። ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት እኔ የመዘምራኑ ኪቦርዲስት ነበርኩ፣ እሱ ደግሞ ክራር ይመታ ነበር። ያኔ በከተማችን ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ማለት ቀላል አይደለም። መንገድ ላይ ሳልፍ በጣት ያሳዩኛል። እኔም መታየቱን ወድጄው ነበር።

ዘለቀ ግን ከኪቦርዱ ጋር አልተስማማም። «እናቴ የምትዘምረው እዚህ ውስጥ የለም» ይለኝ ነበር። ነጩን ቁልፍ ይነካና ራሱን ይነቀንቃል። አጠገቡ ያለውን ጥቁሩን ይነካና ደግሞ ይነቀንቃል። ከዚያ በሁለቱ መሃል ያለችውን ክፍተት በጥፍሩ እያሳየ «እዚህ ጋ ናት» ይለኛል። «እዚያ ያለው አቧራ ነው» እለዋለሁ። አፉን ሸፍኖ ይስቃል። እኔ ግን ምን እንደሚለኝ አይገባኝም ነበር፤ ጆሮዬ ያደገው በሬዲዮና በካሴት ነው፣ ጌዴኦኛዬም የገበያ ጌዴኦኛ ነው።

እናቱ የሚዘምሯቸው የድሮ ዜማዎች ነበሯቸው። አንዳንዱ ሴቶች ተሰብስበው እንሰት ሲፍቁ የሚቀባበሉት ነው፤ አንዳንዱን ካመኑ በኋላ ቃሉን ለውጠው መዝሙር አድርገውታል። ዘለቀ እነዚያ ዜማዎች እንዳይጠፉ ያልሞከረው የለም። በቴፕ ቀዳቸው፤ ቴፑ ግን ድንጋዩ ሲደክም ይጎተታል። «ባትሪ ሲያልቅ እናቴ ወንድ ትሆናለች» ብሎ ያስቀን ነበር። ቀርከሃ በስቶ ዋሽንት ሠራ፤ ቀርከሃው በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ አስቸገረው። የክራር ጅማትማ ገና አቃንተኸው ሳትጨርስ ይላላል። መጨረሻ ላይ ብረት ትዝ አለው። ሬኮ በኩል ካለ የቡና ማጠቢያ የተጣለ ጠፍጣፋ ብረት ለምኖ አመጣ። በመጋዝ ቆራረጠው። እናቱን በረንዳው ላይ አስቀምጦ፣ እሳቸው እየዘመሩ እሱ እየሞረደ፣ እያንዳንዱን ብረት ከድምፃቸው ጋር አንድ አደረገው። የብረቱ ጫፍ ሲሞረድ ድምፁ ይወጣል፣ ወገቡ ሲሞረድ ይወርዳል። ይህን ያስተማረኝ ራሱ ነው። ምናለ ባላስተማረኝ?

ብረቶቹን በናይለን ገመድ ከእንጨት ላይ አንጠለጠላቸውና «መስፈሪያ» አላቸው። ክራሩን የሚቃኘው፣ ዋሽንቱን የሚበሳው በእነሱ ነው። ዜማ መጻፊያም አወጣ፤ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ያለውን ርቀት በጣትና በጥፍር ይለካዋል። ከአንዱ የኪቦርድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው አንድ ጣት ነው፤ ኪቦርዱ የማያውቃት ትንሿ ርቀት ጥፍር ናት። «ጣት ከጥፍር ውጡ፣ አሁን ጣት ውረዱ» እያለ መዘምራኑን ሲያስተምር መጀመሪያ ሳቁበት። ወር ሳይሞላ ገባቸው፤ ለነሱ የአፍ መፍቻቸው ነዋ። ቀረሁ እኔ።

ከብረቶቹ ሦስተኛዋን «እማዬ» ይላት ነበር። እናቱ ሲዘምሩ እየተመለሱ የሚያርፉባት ድምፅ ናት፤ ያቺው በሁለቱ ቁልፎች መሃል ያለችው። እናቱ የሞቱ ጊዜ ከቀብር መልስ ወደ ጓዳ ስገባ ብቻውን ተቀምጦ እሷን እየመታ አገኘሁት። ይመታታል፣ ድምጿ እስኪጠፋ ያዳምጣል፣ ደግሞ ይመታታል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። እወደው ነበር። አሁንም እወደዋለሁ። ይህን የምላችሁ ጥፋቴን እንድታቀሉልኝ አይደለም። የማልወደውን ሰው በድዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንዲህ ባልተንገበገብኩ።

እንግዲህ መዘምራኑ ካሴት ሊያወጡ ተነሡ። መዝሙሮቹ በጌዴኦኛ ናቸው፣ ዜማቸው የእናቱ ነው። የቸርቹ ሽማግሌዎች ሊሰሙ መጡ። በመስፈሪያው በተቃኙት ክራሮች ብቻ ሲዘመር አንዲት ባልቴት ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ። ቀጥሎ እኔ በኪቦርድ ገባሁ። ተበላሸ። ክራሩ አንድ ቦታ፣ ኪቦርዱ ሌላ ቦታ፤ ጥርስ ያፋጫል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በትሕትና «ወንድማችን በዚህኛው ካሴት ቢያርፍስ?» አሉ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዘለቀ ቶሎ ብሎ «ግድየላችሁም፣ እኔና እሱ መላ እንፈልግለታለን» አለ። ሊያድነኝ ነው። እኔ ግን ከንፈር የመጠጠልኝ መሰለኝና ደሜ ፈላ። እኔ እንዴት አርፋለሁ? ኪቦርዱ ባይኖር መዘምራኑን ማን ያውቃቸው ነበር? እንዲህ እያልኩ ቤቴ ገባሁ።

በዚያው ሰሞን ዘለቀን ወባ ጣለው። ብርቱካን ገዝቼ ጠየቅሁት። እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ላቡን ጠረግኩለት፣ ውኃ አጠጣሁት። ወዲያው ከእሱ ቤት ወጥቼ ቀጥታ ቸርች ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ ማንም የለም። ኪቦርዱን ከፈትኩ፣ ለልምምድ እዚያ የተቀመጠውን መስፈሪያ አጠገቡ ጎተትኩ፣ የዘለቀን ሞረድ ከመሳሪያ ሳጥኑ አወጣሁ። ያን ላብ በጠረግኩበት እጅ የእማዬን ጫፍ ሞረድኩ። ቁልፉን እጫናለሁ፣ ብረቷን እመታለሁ፣ እሞርዳለሁ። ደግሞ እጫናለሁ፣ እመታለሁ፣ እሞርዳለሁ። ከነጩ ቁልፍ ጋር አንድ እስክትሆን ድረስ ሞረድኳት።

ያን ጊዜ ምን ነበር የማስበው? እያስተካከልኩ ነው ብዬ ነበር። ለመዝሙሩ ስል ነው፣ ለካሴቱ ስል ነው ብዬ ነበር። እንዲህ ከሆነ ታዲያ ብናኙን ለምን ጠርጌ ደጅ ደፋሁት? አዲስ የተሞረደው ብረት እንዳያብለጨልጭ ለምን የተቃጠለ ዘይት ቀባሁት? ሆዴ ያውቅ ነበር። ሌባ ነበርኩ፣ የሌባም ሥራ ሠራሁ።

ዘለቀ ተሽሎት መጣ፤ ከስቶ፣ ሸሚዙ ሰፍቶት። እንደልማዱ ብረቶቹን ተራ በተራ መታቸው። ሦስተኛዋ ላይ ቆመ። ደግሞ መታት። ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

«ይቺ ወጥታለች እንዴ?» አለኝ።

እዚያች ጋ መናገር እችል ነበር። ቢበዛ ይቆጣ ነበር፤ ዘለቀ ደግሞ ቁጣ አይችልበትም።

«ኧረ እንደነበረች ናት» አልኩት።

ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከቶ ነቀነቀ። «ሰሞኑን ሲጮህብኝ ነው የከረመው» አለ።

«ኪኒኑ ይሆናላ» አልኩት። «ጆሮ ይጎዳል ይባላል እኮ።»

እኔ ነኝ ያልኩት። እሱ አላሰበውም፣ ሐኪምም አልነገረው፤ እኔ አስቤ እኔው አቀበልኩት። ከሞረዱ ይልቅ ዛሬ የምታቃጥለኝ ይህች ቃል ናት።

እሱም አመነኝ። ቀርከሃ ቢሆን ቀርከሃውን ይጠረጥር ነበር፤ ጅማት ቢሆን ጅማቱን። ብረት የመረጠው ግን አይለወጥም ብሎ ነው። ስለዚህ ብረቱና ጆሮው ሲጣሉ ለብረቱ ፈረደ። እኔን መጠርጠርማ በሕልሙም አልመጣበት። መምቻውን እጄ ላይ አስቀመጠና «እንግዲህ አንተ ስማልኝ» አለኝ። እኔም ሰማሁለት። ከእማዬ ጋር አይሄዱም ብዬ የቀሩትን ብረቶች ሁሉ ፊት ለፊቱ ከኪቦርዱ ጋር አስማማኋቸው፤ እሱ ብረቱን ይይዝልኝ ነበር።

ካሴቱ ወጣ። ሰው ወደደው። ወደ ጪጩ በሚሄዱት ሚኒባሶች ሁሉ ይከፈት ነበር፣ ኪቦርዱ ከሁሉ በላይ ይሰማል። ዘለቀ ክራሩን ለመዘምራኑ ትቶ ከምእመናኑ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሐዋሳ ሄዶ ጆሮውን ታየ፤ ሐኪሙ ምንም የለብህም አለው። «ሐኪሙ ማሽኑን ያምናል፣ እኔ ደግሞ ብረቴን አምናለሁ» ብሎ እየሳቀ ተመለሰ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አንድም መሣሪያ አልሠራም። በጣትና በጥፍር የጻፋቸውን ዜማዎች ካርቶን ውስጥ አስገብቶ አልጋ ሥር ገፋቸው። ተማሪዎቹን አስተማረ፣ አገባ፣ ወለደ። ለእኔ ሚዜ ሆነ። ሚስቴ በምጥ ስትያዝ መኪና ለምኖ ያመጣው እሱ ነው። ስለ ዜማ የሚጠይቀው ሰው ሲመጣ ደግሞ ትከሻዬን ይይዝና «እሱን ጠይቁ፣ ጆሮ ያለው እሱ ነው» ይላል። ይህን ባለ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወዳለሁ።

አንድ ጊዜ ልመልሳት ሞክሬያለሁ። እማዬን ላጸዳት ብዬ ቤቴ ወሰድኳትና ወገቧን ሞረድኩ። ወረደች። ትንሽ ወረደች፣ ደግሞ ትንሽ። የቱ ጋ ልቁም? ቦታዋን አላውቀውም። «እዚህ ጋ ናት» ሊለኝ የሚችለው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በእኔ ምክንያት ራሱን ማመን ትቷል። ሞረዱን ጥዬ ተቀመጥኩ።

ይህን ሁሉ ዋጥ አድርጌ እስከ መቃብር እሄድ ነበር። ዛሬ ከሰዓት ግን የዘለቀ ልጅ ሰናይት ሱቄ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ የአያቷን መዝሙር መዘምራኑ ፊት ልትዘምር ነው። ከማን ተማርሽው አልኳት። ከአባቷ ነው። ጺሙን ሲላጭ፣ ቧንቧ ሲጠግን፣ ሳያውቀው ያንጎራጉረዋል አለችኝ። አስተምረኝ ስትለው ግን እምቢ አላት። «እኔን አትከተይ፣ የእኔ ጆሮ ተበላሽቷል። ጋሼ ጋ ሂጂና ያርምሽ» ብሎ ወደ እኔ ላካት።

ከጨርቁ ጥቅልሎች መሃል ቆማ ዘመረች። እናም የአያቷ ድምፅ እዚያው ነበረች። ሰናይት እየተመለሰች አረፈችባት። ነጭም አይደለች፣ ጥቁርም አይደለች። ከቀብር መልስ አጠገቡ ተቀምጬ የሰማኋት ራሷ ናት። ብረቷን ሞርጄ ከዓለም ያጠፋኋት መስሎኝ ኖሬ ነበር፤ ለካ ዘለቀ አፍ ላይ ነበረች፣ ከእሱም ወደ ልጁ አልፋለች። የጨርቁን ሜትር ያዝ ለቀቅ አደርጋለሁ።

«ጋሼ፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» አለችኝ።

ባርማት አባቷ ላይ የሠራሁትን በእሷም ላይ ልደግመው ነው። ልክ ነሽ ብላት፣ ታዲያ አባቴ ለምን ተበላሽቻለሁ ይላል ብላ ትጠይቀኛለች። «ነገ ነይ» አልኳት። ተመልከቱልኝ፤ ይሄን ሁሉ ዘመን ኖሬ፣ ፀጉሬ ሸብቶ፣ አሁንም ነገ ነይ ነው የማውቀው።

ይህን የምጽፈው እሷ እንደወጣች፣ ባንኮኒው ላይ ነው። እናንተ ከማንበባችሁ በፊት እሱ ያነበዋል። ሱቁን ዘግቼ ራሴ ይዤለት እሄዳለሁ፤ ፖስታ ውስጥ ከትቼ በሰው እጅ አልልክም። ወጣት ነበርኩ አልልም። ሽማግሌዎቹ አሳፍረውኝ ነው አልልም። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፤ ሞረዱን የያዘው የእኔ እጅ ነው። ይቅር በሉኝ ብዬም አልጠይቃችሁም፣ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እሱ ይቅር ይለኝ ይሆናል። ዘለቀን ስለማውቀው ነው የምለው፤ ይህ ደግሞ ከቁጣው ይልቅ ያስፈራኛል። ሳይሠራቸው የቀሩትን መሣሪያዎች ከየት አምጥቼ እሰጠዋለሁ? የምመልስለት አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ፤ እሱንም ድሮ፣ በጠየቀኝ ቀን መመለስ ነበረብኝ።

ዘለቀ፣ ጆሮህ ምንም አልሆነም። ያን ቀንም ልክ ነበርክ። ልጅህን አንተው አስተምራት።