የማይጾመው የአባቴ ጉበት

የቅበላ ዕለት ማታ ቤታችን ሥራ ይበዛበታል። የቅቤው ቅል፣ የወተቱ ማለቢያ፣ ሥጋ የነካው ድስት ሁሉ ታጥቦ እስከ ፋሲካ ቆጥ ላይ ይወጣል። ባለፈው ሁዳዴ አባቴ ከነዚህ ጋር ምን እንዳወጡ ያወቅሁት ግን ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ከማስተምርበት ከዘመሮ ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ወንፊት ፍለጋ ቆጡ ላይ ብወጣ የልብ መድኃኒታቸው ከቅቤው ቅል ሥር ተሸጉጧል።

ክው አልኩ። ባለፈው ዓመት የልባቸው ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ፣ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አድርሰናቸው ለጥቂት ነው የተረፉት። ይህን ኮሌስትሮል፣ ማለትም የደም ስብ፣ የሚቀንስ ክኒን አንድም ማታ እንዳያቋርጡ እዚያ ያከመቻቸው ዶክተር አስጠንቅቃቸው ነበር።

«አባባ፣ ምን ሆነው ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ያስጮህሻል? የስብ መድኃኒት አይደል? በሁዳዴ ስብ ባፌ አይዞር፤ ምኑን ሊቀንስ ነው? ለፋሲካ እጀምረው የለ!»

እንዲህ ካሉ እኔን አይሰሙም። ተናድጄም ፈርቼም በማግስቱ ወደ ዶክተሯ ልወስዳቸው አብረን አውቶቡስ ተሳፈርን። እሳቸው ከጎናቸው ከተቀመጡት ሴትዮ ጋር ስለ ገብሱ ሲጫወቱ፣ እኔ መንገዱን ሙሉ አተነፋፈሳቸውን አዳምጥ ነበር።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። «አባቴ፣ ስቡ ከምግብ ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ጉበትዎም ይሠራዋል። ጉበት ደግሞ አይጾምም» አለቻቸው። ክኒኑ ስቡን ከመቀነሱ ሌላ፣ ደም ሥሩ ላይ የተለጠፈው ስብ ተሰንጥቆ ደም እንዳይረጋበት እንደሚጠብቃቸውም አስረዳቻቸው።

 አባቴ ጉበታቸው ያለበትን ቀኝ ጎናቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣ «አይ አንተ! ይሄን ሁሉ ዘመን እኔ ስጾም አንተ ስትገድፍ ኖረሃል?» ብለው በሳቅ ፈነዱ። ዶክተሯም ሳቀች። እኔ ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣብኝ።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ እደውላለሁ። «ክኒኑስ?» ስላቸው፣ «ገዳፊውን ገሥጬዋለሁ፤ በይ ተኚ!» ይሉኛል። ይህን ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ፋሲካ ደረሰና በጉ ታረደ። እንደ ቤታችን ወግ ላቱ ለአባወራው ቀረበ፤ የመንዝ በግ ላት ደግሞ አይቶ ማለፍ ይከብዳል። አባቴ አንስተው ገላበጡት። ትንፋሼን ውጬ አያቸዋለሁ። ቢላዋቸውን አወጡና ለያንዳንዳችን ቆርጠው አደሉን፤ ለራሳቸው ቀይ ሥጋ ብቻ አስቀሩ።

«እርስዎስ?» አለች እናቴ።

«ለኔ ይቅርብኝ። ጉበቴ ሁዳዴን ሙሉ በልቶልኛል።»