የሲስተር በላይነሽ ፊርማ

የሲስተር በላይነሽ ዕረፍት የተነገረኝ ጌጫ ጤና ጣቢያ፣ እሳቸው ራሳቸው በላኩኝ ሥራ ላይ እንዳለሁ ነው። ስልኩን ዘግቼ የማዋለጃው ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ተማሪዎቻቸውና ባልደረቦቻቸው የነበራችሁ ብዙዎቻችሁ ለቀብራቸው ከቴፒም ከማጂም መጥታችኋልና ማንን እንዳጣን አልነግራችሁም። እንዴት ያሉ ሰው እንደነበሩ ግን ለእናንተም ለራሴም ልጽፈው ወደድኩ።

ሲስተር በላይነሽ ከሆስፒታል በጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በእናቶች ጤና የማስተርስ ትምህርት በኢንተርኔት ለምንከታተል ነርሶች ኮሌጁ በሚዛን ከተማ የመደበልን አማካሪ ሆኑ። ትምህርቱን ኔትወርክ በፈቀደ ጊዜ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጠን እንደምንም እንገፋዋለን። ልምምዱ ግን በሽተኛ ፊት ቆሞ የሚሠራ ስለሆነ ቦታ ይፈልጋል። ከሚዛን አጠገብ አማን ካለው ቤታቸው በማለዳ ወጥተው፣ አንዱን ኃላፊ ለምነው፣ ሌላውን ተቆጥተው ቦታ የሚያስገኙልን እሳቸው ነበሩ። አዲስ ተማሪ ስትመጣ ስለ ውጤቷ ቀድመው አይጠይቁም። «ልጆችሽን ማን ይይዝልሻል? የት ታድሪያለሽ?» ይላሉ። ማደሪያ የሌላት እሳቸው ቤት ታድራለች። ከቴፒ የመጣች አንዲት ነርስ ልጇን ይዛ እሳቸው ዘንድ ስትሰነብት፣ ሕፃኑ መሄድ የጀመረው በእሳቸው ሳሎን ውስጥ ነው።

እኔ ማጂ ስለምሠራና ሥራዬን ጥዬ መምጣት ስለማልችል፣ እዚያው እንድለማመድ ኮሌጁን አስፈቀዱልኝ። እየመጡ ሊያዩኝ ተስማምተን ነበር፤ ክረምቱ መንገዱን ዘጋው። እኔ ግን ሥራዬን ሠርቼ፣ የልምምድ ደብተሬን ሞልቼ፣ መንገዱ ሲከፈት ሚዛን ደረስኩ። ማስረከቢያው አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ፊርማቸውን ካላገኘሁ ዓመቱ ሊቃጠልብኝ ነው።

መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ አነበቡት።

«ሥራህን አልጠረጥርም» አሉኝ። «ያላየሁትን ግን አልፈርምም።»

በጣም ተናደድኩ። መንገዱን የዘጋሁት እኔ ነኝ ወይ ብዬ ተናገርኳቸው። የቀረበልኝን ሻይ ሳልጠጣ ወጣሁ። እስከ ማጂ ድረስ ክፉ ሳስብባቸው ነው የተመለስኩት፤ ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል።

በአምስተኛው ቀን ሲስተር ማጂ ላይ ከጭነት መኪና ጋቢና ወረዱ። ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል፣ ነጭ ጋዋናቸው በፌስታል ተጠቅልሏል፣ የሚያማቸውን ጉልበት በእጃቸው ይዘውታል። ኮሌጁን ለምነው ሦስት ሳምንት አስጨምረውልኝ ነበር። ሦስቱንም ሳምንት እኛ ቤት እያደሩ፣ ከእኔ ቀድመው ጤና ጣቢያ እየገቡ፣ ከክፍሉ ጥግ ቆመው አዩኝ። በሦስተኛው ቀን ወደ ውጭ ጠሩኝ።

«እጅህ ጎበዝ ነው። ሴትየዋን ግን ሳታነጋግራት ነካሃት። ፈርታለች፤ ምን ልታደርግ እንደሆነ መጀመሪያ ንገራት።»

ያን ሁሉ ዓመት ስሠራ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቋንቋቸውን አላውቅም ብዬ ላመካኝ ስሞክር፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ጠርተው «አይዞሽ» እና «አሁን ልነካሽ ነው» ማለትን በዲዚኛ አብረን እንድንማር አደረጉ። የእሳቸው አነጋገር ከእኔም የባሰ ስለነበር እናቶቹ ምጡ ፋታ ሲሰጣቸው ይስቁብን ነበር። በመጨረሻው ቀን ደብተሬን ተቀብለው ፈረሙልኝ።

ባለፈው ወር ልጠይቃቸው ስሄድ አልጋ ይዘው አገኘኋቸው። ከትራሳቸው ሥር አንድ ደብተር አወጡ። ጌጫ የምትለማመደው የመጨረሻ ተማሪያቸው የትዕግሥት ነው። ጉብዝናዋን ያውቁታል፣ ይፈርሙላትና ይረፉ ብዬ ቀለድኩ። ደብተሩን እጄ ላይ አስቀመጡት።

«እኔ መንገዱን አልችለውም» አሉ። «አንተ ሂድና እይልኝ።»

በእሳቸው ምትክ እንድፈርም ከኮሌጁ ጋር ጨርሰው ነበርና ሄድኩ። መርዶው ሲደርሰኝ የማየው የሁለት ቀን ሥራ ይቀረኝ ነበር። ትዕግሥት እያለቀሰች ደብተሩን ይዛልኝ መጣች። ፈርሜላት እንድሄድ የፈለገች መስሎኝ እስክሪብቶዬን አወጣሁ፤ እውነቱን ለመናገር ልፈርምም ነበር።

«አይፈርሙ» አለችኝ። «ቀብረው ይምጡና ያዩኛል።»

ሲስተር፣ በቀብርዎ ዕለት ያ ደብተር በብብቴ ነበር። በሠልስቱ ማግስት ጌጫ ተመለስኩ። እርስዎ ይቆሙ እንደነበረው እኔም ከክፍሉ ጥግ ቆምኩ። ትዕግሥት እጇን ታጥባ፣ ከመንካቷ በፊት የወላዷን ስም ጠየቀቻት፤ ምን ልታደርግ እንደሆነም ቀስ ብላ ነገረቻት። ሴትየዋ እጇን ዘረጋችላት። አጠገቤ ቢኖሩ ብዬ ተመኘሁ፣ አለቀስኩም። ያን ቀን ሻይዎን ሳልጠጣ መውጣቴን ይቅር ይበሉኝ። ከእንግዲህ ጉልበትዎን የሚያደክም መንገድ የለም፤ በሰላም ይረፉ፣ እናቴ። ሁለቱንም ቀን አይቻለሁ። አሁን ፈርሜላታለሁ።