ያልታየው የባቡሩ ጎን

አንዋር መስጊድ አጠገብ ካለችው የጨርቅ ሱቄ ሆኜ፣ በስልኬ የኢንተርኔት ጨረታ ላይ ያገለገሉ የአሻንጉሊት ባቡሮችን ማየት አመል ሆኖብኝ ነበር። ጀርመን ያለው ወንድሜ የመረጥኩትን ይገዛና ሲመጣ ይዞልኝ ይመጣል። አንዴ "በደንብ ይሠራል" የተባለው ሞተር የሌለው ባዶ ቀፎ ሆኖ ስለመጣ፣ ከዚያ ወዲህ ሻጭ አላምንም።

አንድ አርብ ጠዋት፣ አባቴ ወደ ድሬዳዋ ይነዳው የነበረውን የሚመስል አረንጓዴ ባቡር አየሁ። ጨረታው ስምንት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ፎቶዎቹ በሙሉ ግን ከአንድ ጎን ብቻ የተነሱ ናቸው። ቁጭ ብድግ አልኩ። ደንበኛ ነጭ አቡጀዲ ቢለኝ ጥቁር ከፋይ አወረድኩለት።

ለጎረቤቴ፣ ለሬዲዮ ጠጋኙ ሽማግሌ አሳየኋቸው። "ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?"

"ሌላው ጎኑ የታለ? ጠይቅ እንጂ ልጄ!"

በወንድሜ በኩል አስጠየቅኩ። ኔትወርኩ መጣ ሄደ። የጁምዓ ሶላት አልቆ መንገዱ በሰው ሲሞላ እኔ አሁንም ስልኬን እየነካካሁ ነው። በመጨረሻ ፎቶው መጣ። ጎኑ ተሰንጥቋል፤ ከጎማዎቹም አንዱ የለም። ሻጯ፣ "የሟች ባለቤቴ ነበር። ከእጄ ጥዬ የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ፤ ለማሳየት አፍሬ ነው" ብላ ጽፋለች።

ወንድሜ ደወለ። "ተወው፣ ሌላ ይገኛል።"

"ግዛልኝ" አልኩት። ወዲያው ደግሞ ተጸጸትኩ፤ እስኪመጣም ልቤ አልረጋም።

ለዒድ ይዞልኝ መጣ። ጋሼ ከአሮጌ ካሴት ማጫወቻ ጎማ ፈልገው ገጠሙለት። ትንሽ ያነክሳል እንጂ ይሄዳል።