ፀሐይ የሚሞቀው ውሃ

ሰበታ አከራዬ የነበሩት እትዬ ድንቅቱ ሰው ቤት ሲገቡ ፈቃድ አይጠይቁም። ተወልደው ያደጉት እዚያው ነው፤ ከባላቸው ከኦቦ ዲሪርሳ ጋር ጤፍ ያርሳሉ፣ ተፍኪ ገበያ ይወርዳሉ፣ የግቢያቸውንም ክፍሎች ያከራያሉ። የክፍሌ መለዋወጫ ቁልፍ እሳቸው ጋ ስለነበር እኔ ሳልኖር ገብተው ትራሴን ሳይቀር ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። እኔ ደግሞ ዕቃዬ ሲነካ ደሜ የሚፈላ ሰው ነኝ። ቁልፌን መልሱልኝ ልላቸው ስንት ጊዜ ተነስቼ ተውኩት።

ለዩኒቨርሲቲ ጥናቴ ሁለት ጠርሙስ የባሕር ውሃ ነበረኝ፤ የከባድ መኪና ሹፌር የሆነው አጎቴ ከጅቡቲ ያመጣልኝ። ውሃው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን አሉ። እንደ ቅጠል አረንጓዴ አይደሉም፤ ግን ብርሃን የሚቀበል ነገር አላቸው፣ እኛ ዓይን ውስጥ ካለው ጋር የሚቀራረብ። ምግብ ሲጠፋ በፀሐይዋ ጉልበት ይሰነብታሉ ይባላል። ይህንኑ ለማየት አንዱን ጠርሙስ መስኮት ላይ አቁሜ ጠዋት ጠዋት ወደ ፀሐይ አዞረዋለሁ፤ ሌላውን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስቀምጬዋለሁ።

በ2008 የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሲበረታ መንገድ ተዘጋና መካኒሳ አክስቴ ቤት ቀረሁ። ስልክም እንቢ አለ። ሰበታ ጎማ እየተቃጠለ፣ ድንጋይ እየተወረወረ፣ ሰው መስኮቱን ጠርቅሞ ተቀምጧል ሲባል ሰማሁ። ለሰዎቹ ፈራሁ። የራሴም ነገር አንገበገበኝ፤ መስኮቱ ከተዘጋ ሁለቱም ጠርሙስ ጨለማ ውስጥ ነው፣ ልፋቴንም ውሃ በላው ማለት ነው።

መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ። መስኮቱ ተዘግቷል፣ ጠርሙሱ የለም። ጎንበስ ብዬ አልጋው ሥር ሳይ ጨርቁ ተፈቷል፣ ውሃው ተጋምሷል።

«እትዬ ድንቅቱ! ዕቃዬን ማን ነካው?» ብዬ ጮህኩ።

«ኢንተላ ኮ! ልጄ! በሰላም መጣሽ?» ብለው ሮጠው አቀፉኝ። «ጠበሉን ነው? ተኩስ ሲሰማ ኦቦ ዲሪርሳ በሬዎቹን ላምጣ ብሎ ተነሳ። ምን ላድርግ? ረጨሁት፣ ትንሽም አስጎነጨሁት። እንዲያ ጠቅልለሽ ያስቀመጥሽው ዋናው ነው ብዬ እኮ ነው! ጨው ጨው ይላል አለኝ እንጂ፣ ዋቃ ይመስገን፣ በሰላም ተመለሰ።»

«የመስኮቱስ?» አልኩ።

እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ጠርሙሱ ጎተራው ጥግ ድንጋይ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል።

«መስኮቱንማ ድንጋይ ፈርተን ዘጋነው» አሉ። «አንቺ ግን ጠዋት ጠዋት ወደ ፀሐይ ስታዞሪው አይሽ የለ? ጸሎትሽ መሰለኝ። ታዲያ መንገድ ቢዘጋ ጸሎትሽ ይታጎል? በየቀኑ እያወጣሁ አዞርኩልሽ።»

ድንጋይ በሚወረወርበት ሰሞን፣ ለእኔ ጠርሙስ ብለው! እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

በማግስቱ ውሃውን ዩኒቨርሲቲ ወስጄ በማይክሮስኮፕ አየሁት። ከጨለማው ጠርሙስ የተረፉት ጥቂት ናቸው፤ ፀሐይ ሲሞቅ በሰነበተው ግን ብዙዎቹ በሕይወት አሉ። የኦቦ ዲሪርሳ ድርሻ ተቀንሶም ለጥናቴ በቃኝ። እፎይ አልኩ።

ስመለስ ውሃው ጠበል ሳይሆን የባሕር ተሐዋስያን ቤት መሆኑን ለእትዬ ድንቅቱ ነገርኳቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ለእሱ እንዳትነግሪው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ከዚያ ቀን ወዲህ ወገቤ ተሻለኝ እያለ ነው።»

ለኦቦ ዲሪርሳ አልነገርኳቸውም። ቁልፉንም እትዬ ድንቅቱ ጋ ተውኩት።