ኪኒን ጾም አያውቅም

ከአገር የወጣን ለት ማታ ቦሌ ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆመችው ፋንታነሽ ነበረች። እናቷ እማማ ውዴ ከጎጃም ድረስ ሊሸኟት መጥተው፣ ዘበኛው በሩ ላይ ቢያስቆማቸው በትከሻው ላይ አንገታቸውን አስግገው ይጮኻሉ፦ «ፋንቴ! ሰው አገር ነው ብለሽ ጾምሽን እንዳትሽሪ! ሰማሽ?» ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ማተቧን ይዛ «እሺ እማዬ» አለች። እኔ አውሮፕላኑን ፈርቼ ስለነበር እጇን ይዤ ተሳፈርኩ።

እግዜር ሲያገናኝ ዐረብ አገር፣ ፋናር በሚባል ሰፈር፣ በቤት ሠራተኝነት አንድ ሕንጻ ደረሰን፤ እሷ ከላይ፣ እኔ ከሥሯ። ፋናር ዳገት ላይ ነው፣ ባሕሩ ወለል ብሎ ይታያል፣ መስታወቱን ለማይወለውል ሰው ደስ ይላል። ክረምቱ እርጥብ ነው፤ እንደኛ አገር ፀሐይ በአንድ ረፋድ ልብስ አያደርቅም። ዳቧቸው ስስ ነው፣ ሆድ ውስጥ መግባቱም አይታወቅ። ማዳሞቹ ከሰገነት በገመድ ቅርጫት አውርደው ከሻጭ አትክልት ይገዛሉ። እኛም በዚያው ቅርጫት በርበሬና ሽሮ እንላላክ ነበር። የተገናኘነው ከዚህ በላይ አልነበረም፤ ፊቷን ቀና ብዬ ነው የማውቀው።

ኋላ ፋንታነሽ ከሳች። ውኃ አይበቃትም፣ ሽንት ቤት ትመላለሳለች። ማዳሟ አርግዛለች ብላ ጠረጠረች። «በሩን ቆልፋብኝ እየወጣች ከማን ላርግዝ?» ብላ ከላይ ስትነግረኝ ሁለታችንም ሳቅን። ሐኪም ዘንድ ሲወስዷት ስኳር ሆኖ ተገኘ። ጠዋት ጠዋት ከቁርስ ጋር የሚዋጥ ኪኒን ሰጧት፣ ወዟም ተመለሰ።

ከዚያ ሑዳዴ ገባ። ፋንታነሽ ቁርሱን ተወች፤ ኪኒኑን አልተወችም። «መድኃኒት ምግብ አይደለም፣ ጾም አያስገድፍም» ትላለች።

አንድ ረፋድ ከላይ ስሜን ስትጠራኝ ድምፅዋ የሰካራም መሰለኝ። ላብ አጥምቋት እጇ ይንቀጠቀጣል። ዓይነ ጥላ ነው ብዬ አማተብኩ፤ የማዳሜን ጭማቂ ግን ቅርጫቱ ውስጥ ከተትኩት። ጠጥታ ጥቂት ቆይታ ሰው ሆነች። በማግስቱ ቆሻሻ ልጥል ስወርድ ከሕንጻው ሥር ያለውን ፋርማሲስት ጠየቅሁት።

«ኪኒኑ ስኳሯን ያወርዳል» አለኝ። «ካልበላች ያኒ፣ ማለቴ፣ መውረዱን አያቆምም። ወይ ትብላ፣ ወይ ሐኪሟ ይቀይርላት። በራሷ ግን እንዳታቆመው።»

ይህንኑ ነገርኳት። «ለበሽተኛ ጾም አልታዘዘም፣ ቄሱን ደውለሽ ጠይቂ» ብላት፦

«የነፍስ አባቴ የሰፈራችን ቄስ ናቸው፤ በማግስቱ እማዬ ትሰማለች። ስኳር ያዘኝ ብዬ እንዴት ልንገራት? ለብቻዋ ናት።»

«ለማዳምሽስ?»

«ማዳሜማ ለእንግዳ ሁሉ ‹የኔ ልጅ ቅድስት ናት› ትልብኛለች። እነሱ ክርስቲያን ቢሆኑም የሚጾሙት እስከ ቀትር ነው።»

ንዴቴን ምን ልበላችሁ። ጠዋት ጠዋት ዳቦ ውስጥ ሐላዌ፣ ያንን የሰሊጥ ጣፋጭ፣ ቀብቼ እልክላታለሁ። ወተት የለበትም፣ የጾም ነው። ቅርጫቱ እንደወጣ ይመለሳል። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላኪልኝ፣ ያላ፣ በይ፣ አትቆጪ» ትለኛለች።

አንድ ዓርብም ዳቦው እንዲሁ ተመለሰ። በሰገነቱ ጠርዝ በርጩማ ላይ ቆማ የሳሎኑን መስታወት በውጭ በኩል ታጥባለች። ውረጂ ብዬ ጮህኩ። የመለሰችልኝ ቃል አልገባኝም፣ የተኮላተፈ ነገር ነው። ወዲያው በርጩማው ሲገለበጥ ሰማሁ። ከዚያ ያየሁትን አልጽፈውም።

ፖሊሱ ገና ደረጃውን ሳይጨርስ «ራሷን ጣለች» ብሎ ነበር።

«ወድቃ ነው» አልኩት። «ኪኒን ውጣ አልበላችም።»

ማዳሟ እያለቀሰች ፍሪጁን ከፈተችለት። እውነቷን ነው፣ አልከለከለቻትም።

«ፍሪጁ ሙሉ ነው» አለኝ። «ሙሉ ፍሪጅ እያለ ማን ይራባል? ዶክተር ነሽ?»

«ዶክተር አይደለሁም። ጾማ ነው።»

«እነሱም ጾመዋል። አልሞቱም። ኸላስ፣ በቃ፣ ወደ ሥራሽ ግቢ።»

እኔም ብዙ ሳልቆይ ከዚያ ቤት ወጣሁ። አሁን ያለሁት ሀደት የሚባል ሰፈር ነው፤ ከሴቶች ጋር ክፍል ተጋርቼ በተመላላሽ እሠራለሁ። ስኳር ይዟችሁ ለቤተሰብ የደበቃችሁ እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ቄሱንም ሐኪሙንም ሳትጠይቁ በባዶ ሆድ አትዋሉ።

የዚያን ሰሞን ግን ሬሳዋ ገና አገር ሳይገባ ወሬው ቀድሟት ገባ። ራሱን ላጠፋ ፍትሐት እንደሌለ ታውቃላችሁ። ከእኔ ሌላ እውነቱን የሚናገርላት አልነበረም። እማማ ውዴ ዘንድ ደወልኩ። ከኋላቸው ለቅሶው ይሰማል።

«እማማ፣ ፋንታነሽ ራሷን አልጣለችም። ስኳር ነበረባት። የስኳሩን ኪኒን ውጣ ሳትበላ ስለዋለች ነው አዙሯት የወደቀችው። ለቄሱ ይንገሯቸው።»

«ሳትበላ? ምነው ልጄን፣ እህል ከለከሏት?»

«የለም እማማ... ጾማ ነው።»

ገባቸው ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን እዚያ ላሉት ሰዎች እየጮኹ «ሰማችሁ? ልጄ ራሷን አልጣለችም! ጾማ ነው የሞተችው! ቃሌን ጠብቃ!» አሉ። ቄሱ እዚያው ነበሩ መሰለኝ፣ «እንግዲህማ ይፈታላታል» ሲሉ ሰማሁ። እማማ ውዴም «ተመስገን፣ ተመስገን» እያሉ አለቀሱ።

ያ ቃል ነው የገደላት ልል አፌ ድረስ መጣ። ግን በሳቸው እጅ የቀረው እሱ ብቻ ነበር፣ እንዴት ብዬ ልንጠቃቸው?

«አንቺስ ልጄ?» አሉኝ። «ትጾሚያለሽ አይደል? ሰው አገር ነው ብለሽ እንዳትሽሪ።»

እሺ አልኳቸው፣ እሷ ቦሌ ሰልፍ ላይ እንዳለችው።