ገጽ አሥራ አንድ

መሸሻ ባሌ ሮቤ በመምህርነት ሲመደብ ስለ ሳንባ የሚያስተምረው በበግ ሳንባ ነበር። ከሆሳዕና ሲመጣ የያዘው አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ካርቶን መጽሐፍና የባዮሜዲካል ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ ነው። ጠዋት ከሥጋ ቤት ትኩስ ሳንባ በፌስታል ይዞ ክፍል ይገባና በጎማ ቱቦ እየነፋ ለተማሪዎቹ ያሳያል። ዶክተር ባይሆንም ከተማው ሁሉ ዶክተር ይለዋል። መጀመሪያ ያርማቸው ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት ተወው።

ቢፍቱን ያወቃት በአምስተኛው ዓመት ነው። አባቷ ኦቦ ማሜ ገበያው ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለው፤ እሷ እዚያው ደጃፉ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ከተወለደች ጀምሮ ሳል ተለይቷት አያውቅም። ሁለት ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብላ ስድስት ስድስት ወር መድኃኒት ውጣለች፤ ነቀርሳ ግን አልነበረባትም። ትንሿ እህቷ ሰቢሪናም በዚያው ሳል ማደግ ስትጀምር ሰው ቤታቸውን ይሸሸው ጀመር። ለቢፍቱ ሽማግሌ የላኩ የጎሮ ሰዎች ነበሩ። አንድ ከሰዓት ሱቁ ድረስ መጥተው ስታስል ሰሟት፤ በዚያው ቀሩ።

መሸሻ ያን ጊዜ ከውጭ አገር ተመራማሪዎች ጋር የሳንባ ጥናት ጀምሮ፣ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቶ ነበር። ከእህትማማቾቹ አፍንጫ በትንሽ ብሩሽ ጠርጎ በማይክሮስኮፕ አየ። አክታን ከሳንባ እየገፉ የሚያወጡት ጥቃቅን ፀጉሮች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ አንዳቸውም አይንቀሳቀሱም። ደማቸውን ወደ ውጭ ላከ። ከሁለት ዓመት በኋላ መልሱ መጣ፤ ከእናትም ከአባትም የወረሱት አንድ ጂን ተበላሽቷል። ግኝቱ መጽሔት ላይ ሲወጣ የመሸሻ ስም በሦስተኛ ተራ ሰፈረ። ገጹን አትሞ ግድግዳ ላይ ለጠፈው።

ቀጥሎ ከተመራማሪዎቹ የመጣው ደብዳቤ ከዚያም በላይ ነበር፤ መድኃኒት ሊሞከር ነው። ውስጡ ተራግፎ ደኅናው ጂን የተጫነበት ቫይረስ እንደ ጉም ሆኖ ይሳባል፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የተበላሸውን ጂን ሥራ ይሠራል። ሙከራው አዲስ አበባ ነው የሚደረገው። የመጀመሪያው ዙር ግን ለአዋቂዎች ብቻ ነው፤ መጠኑም ትንሽ ነው። ለማዳን ሳይሆን ጉዳት እንደሌለው ለማየት ነው። መሸሻ ይህን ከማንም አልደበቀም።

የደበቀው ሌላውን ነው። ሰውነት ያን ቫይረስ አንዴ ካወቀው አይረሳውም፤ ሁለተኛ ሲመጣ ገና ሳይገባ ይገድለዋል። በትንሹ መጠን የተሞከረበት ሰው፣ የሚያድነው መጠን በተገኘ ጊዜ አይጠቅመውም ማለት ነው። ስድስት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ አምስት ተገኝቷል። ስድስተኛው እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተገኘ ጥናቱ ከባሌ ተነሥቶ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል ተባለ።

መሸሻ ሦስት ቀን አሰበበት። ጥናቱ ከሄደ ሰቢሪናም አብራ ታልቃለች፤ ይህን ለራሱ ደጋግሞ ነገረው። በአራተኛው ቀን ባጃጅ ይዞ ማሜ ቤት ሄደ።

የስምምነቱን ወረቀት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበበላቸው። የሚከብደውን በአማርኛ ያስረዳል፤ እናትየው አዴ ጁሀራ ግር ሲላት በኦሮምኛ ይደግመዋል። ገጽ አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ቀዳሚ ተጋላጭነት ቀጣይ ብቁነትን ሊያስቀር ይችላል።» ድምፁን ሳይለውጥ አንብቦ ገለበጠው። አላስረዳም፤ በኦሮምኛም አልደገመም።

ቢፍቱ ጨርቅ እንደሚለካ ሰው ዐይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል ትሰማ ነበር። ያን ጊዜ ሃያ ዓመቷ ነው።

«ዶክተር፣ ባይሠራልኝስ? ኋላ ትልቁን ሲያገኙ ድጋሚ ይሰጡኛል?»

«ይታያል» አላት።

«ለሰቢሪናስ?»

«ለሷማ በደንብ ይደርሳታል።»

«እንግዲህ ቢስሚላህ» አለችና ፈረመች። ጁሀራ አገጯን ይዛ ግንባሯን ሳመቻት።

አዲስ አበባ ወስደው አርባ ደቂቃ ጉሙን አሳቧት። ሁለት ቀን አተኮሳት፣ ለቀቃት፣ ተመልሳ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ሳሏ እንደነበረ ነው። ጉዳት አላደረሰባትም ተብሎ ሪፖርት ተጻፈ። በእርግጥም ሌላ ምንም አላደረሰባትም።

ሁለት ዓመት አለፈ። መጠኑ ጨመረ፤ ልጆችም ገቡ። ሰቢሪና በአሥራ አራት ዓመቷ ትልቁን መጠን ወሰደች። በአራተኛው ወር መሸሻ ከአፍንጫዋ ጠርጎ ማይክሮስኮፑ ላይ ሲያስቀምጠው ፀጉሮቹ ይንቀሳቀሳሉ። ሁሉም አይደሉም፣ ግን ይንቀሳቀሳሉ። ወንበሩን ገፍቶ ተነሣና ፊቱን በጋዋኑ እጅጌ ሸፍኖ አለቀሰ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ተደስቶ አያውቅም።

ሰቢሪና ሳሏ ቆመ። ከትምህርት ቤት ዳገቱን ከጓደኞቿ እኩል እየሮጠች ትመጣለች፤ የግቢው በር ላይ ስትደርስ ግን ሩጫዋን ትገታለች። ቤት ገብታ ከእህቷ አጠገብ ስትቀመጥ አልፎ አልፎ ጉሮሮዋን ጠርጋ ታስላለች። የውሸት ሳል ነው። ቢፍቱ ሁለት ሳምንት ዝም ብላ ሰማቻት።

«ተይው» አለቻት አንድ ቀን፣ መርፌ ውስጥ ክር እያስገባች። «አልቻልሽበትም።»

በሳምንቱ ቢፍቱ መሸሻ ዘንድ ሄደች። የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች፤ ለአዲስ አበባ ብላ ሻንጣ አሰናድታ ይዛለች። ከመንገዱ እስከ በሩ ያለችውን ትንሽ ርቀት ሁለቴ ቆማ ነው የጨረሰችው።

«ዶክተር፣ የኔ ተራ መቼ ነው?»

መሸሻ እዚያው ሊነግራት ይችል ነበር። አልደፈረም። «መጀመሪያ ደምሽ ይታይ» ብሎ ክንዷን አሰረና ቀዳ። ውጤቱን ያውቀዋል። ደሙ አዲስ አበባ ሄዶ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ሦስቱን ሳምንት ሙሉ ቢፍቱ ሻንጣዋን ሳትፈታ ጠበቀች። የጀመረቻቸውን ዩኒፎርሞች ጨርሳ አስረከበች፤ አዲስ ሥራ አልቀበልም አለች።

ውጤቱ ሲመጣ አስጠራት። ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«ሰውነትሽ ቫይረሱን ያውቀዋል፤ በመጀመሪያው ዙር ስለወሰድሽ። አሁን ቢሰጥሽ አይሠራም፤ ሊጎዳሽም ይችላል። አይፈቀድም።»

ትንፋሿን ሰብስባ ቀና አለች።

«ያኔ ያውቁ ነበር?»

«ስምምነቱ ላይ ተጽፏል። ገጽ አሥራ አንድ። አንብቤልሻለሁ።»

«ስለ ወረቀቱ አይደለም የጠየቅኩህ» አለች። «አንተ ታውቅ ነበር ወይ?»

በሰባት ዓመት ውስጥ አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። መሸሻ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ ከዚህ አንሥቶ እዚያ አስቀመጠ።

«አውቅ ነበር።»

ሳል ያዛትና ጎንበስ አለች። ውኃ ቀድቶ ሰጣት፤ አልተቀበለችውም። ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ባጃጅ እስክታገኝ መንገዱ ዳር ቆማ በመስኮቱ ሲያያት፣ ከሳኔቲ ተራራ የሚነሣው ብርድ ነፋስ የበዓል ቀሚሷን እግሯ ላይ ያጣብቀው ነበር። አንድም ጊዜ ዞር ብላ አላየችም።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ኖረች። በኦክስጅን እየተረዳች ሆስፒታል ትገባለች፣ ትወጣለች። መሸሻ ሊጠይቃት ሲሄድ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ ማሜ «ደክሟት ነው፣ አይቀየሟት» ይለዋል። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ተኝታ መተንፈስ ስላልቻለች ትራስ ተደራርቦላት በመቀመጥ አሳለፈች። በታኅሣሥ፣ ኮምባይነር ስንዴውን እያጨደ አቧራው ከተማው ላይ በሚያንዣብብበት ሰሞን፣ ጠዋት ሰቢሪና ሻይ ስታመጣላት ሞታ አገኘቻት።

ለቅሶው ላይ ማሜ መሸሻን ሲያይ ከድንኳኑ ጥግ ተነሥቶ መጣ። ክንዱን ይዞ ከሼሁ አጠገብ አስቀመጠው።

«ይኸውላችሁ ሰውየው» አለ ለተቀመጠው ሁሉ። «እሱ ባይኖር ዛሬ የምቀብረው ሁለቱንም ነበር። ወላሂ፣ ወንድሜ እንዲህ አላደረገልኝም።»

ሰዎቹ «አላህ ይስጥህ» አሉት። ከጎኑ ያለው ሽማግሌ ጉልበቱን መታ መታ አደረገው። ቢፍቱ ለአባቷ ምንም አልነገረችውም። መሸሻ እዚያ መቀመጥ አቃተው፤ ተነሥቶ በጓሮ በኩል ዞረና ጁሀራን ብቻዋን አገኛት። ሳህን እያጠበች ነበር።

«አዴ ጁሀራ፣ የምነግርዎ ነገር አለ። ቢፍቱ ስትፈርም...»

«አውቃለሁ» አለችው። እጇን ከውኃው አላወጣችም። «ከእርስዎ ዘንድ የመጣች ቀን ነግራኛለች። ለአባትሽ እንዳትነግሪ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ማሜ ቢሰማ ሰቢሪናን ሁለተኛ ወደ እርስዎ ያመጣታል? ክትትሏ አሥራ አምስት ዓመት ነው አላሉም? ነገ አንድ ነገር ብትሆን ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቅላታል?» ሳህኑን አንሥታ አንጠፈጠፈችው። «ልጄ ልትናገር ፈልጋ ነበር። ለእህትሽ ስትይ ዋጪው አልኳት። ዋጠችው። እርስዎም ይዋጡት።»

መሸሻ ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ።

«ይግቡና ይብሉ» አለችው። «ሳይበሉ ቢሄዱ ማሜ ምን ሆኖ ነው ብሎ ይጠይቀኛል።»

ገባና በላ። ማሜ በገዛ እጁ ጨመረለት፤ እሱንም በላው።

ሰቢሪና በየሦስት ወሩ ትመጣለች። መሣሪያው ላይ ትነፋለች፣ ቁጥሩ ደኅና ነው፣ መሸሻ ይመዘግባል። ጁሀራ በሩ አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች። ሲወጡ ወረፋ የያዙት ሁሉ እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታመሰግነዋለች፤ ትመርቀዋለች። አንድ ቀን ሰው በሌለበት ምስጋናውን እንድትተውለት ለመናት።

«ለእርስዎ መስሎዎት ነው?» አለችውና የልጇን ነጠላ አስተካከለች።

ሰቢሪና ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ናት። በውድድር ትምህርት ቤቷን ወክላ ትሮጣለች።